ከዲግሪ እስከ ፈቃድ፦ በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ ፋርማሲስት ለመሆን ምን ማለፍ ያስፈልጋል?

በናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ሌናና ጎዳና ላይ የኬንያ የፋርማሲና የመርዝ ቦርድ ዋና መሥሪያ ቤት ይገኛል። የተቋሙ ስም ለጆሮ እንግዳ ነው። መድኃኒትና መርዝ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተጻፉት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን ወጥቶ በአውሮፓውያኑ 1957 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ሁለቱን በአንድ እጅ እንዲጠበቁ አድርጓል፤ አንዱ ወደ ሌላው የሚለወጠው በመጠን ልዩነት ብቻ በመሆኑ።

በኬንያ "ፋርማሲስት ነኝ" ብሎ ለመሥራት የሚያስችለው ወረቀት የሚወጣው ከዚህ ቢሮ ነው። አገሪቱ ውስጥ ተምሮ የተመረቀው፣ ከሕንድ ወይም ከኡጋንዳ ዲግሪ ይዞ የተመለሰው፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር ወይም ከጅማ ተነስቶ ናይሮቢ የገባው ሁሉ ጉዳዩ የሚያልቀው ወይም ተንጠልጥሎ የሚቀረው እዚሁ ነው።

ኪሊማኒ በስዋሂሊ "ኮረብታው ላይ" ማለት ነው። ረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ክሊኒኮች፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች፣ እንዲሁም በየጥቂት መቶ ሜትሩ አንድ መድኃኒት ቤት ያሉበት ሰፈር ነው። ናይሮቢያውያን መድኃኒት ቤቱን "ኬሚስት" ይሉታል። ከባንኮኒው ጀርባ የሚቆመውን ሰው ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ "ዳክታሪ" ብለው ይጠሩታል።

ለመሆኑ ያ ሰው እዚያ ለመቆም ምን ማለፍ ነበረበት? በሌላ አገር ተምሮ የመጣውስ?

አምስት ዓመት ምን ይማራሉ?

በኬንያ የፋርማሲ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። ቀዳሚው የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ትምህርቱን በአውሮፓውያኑ 1974 በሕክምና ፋኩልቲ ሥር ጀምሯል። ዛሬ ኬንያታ፣ ጆሞ ኬንያታ የግብርናና ቴክኖሎጂ፣ ማውንት ኬንያ እና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጡታል።

ለመግባት በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና በባዮሎጂና በኬሚስትሪ፣ እንዲሁም በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ማምጣት ያስፈልጋል። ለማንኛውም ዲግሪ ዝቅተኛው መግቢያ አማካይ "ሲ ፕላስ" ቢሆንም ለፋርማሲ ያለው ፉክክር መስፈርቱን ከዚያ በላይ ይገፋዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኬሚስትሪ፣ በሰውነት አሠራርና በረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት ያልፋሉ። ቀጥሎ መድኃኒት እንዴት እንደሚቀመም፣ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራና እንዴት ተሰባብሮ እንደሚወጣ፣ ከዕፀዋት እንዴት እንደሚገኝ ይማራሉ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ተማሪው ከሐኪሞች ጋር በታካሚ አልጋ ዙሪያ ይቆማል።

"መድኃኒት ከመደርደሪያ አውርዶ ለመስጠት አምስት ዓመት ለምን?" የሚል ጥያቄ የሚያነሱ ጥቂቶች አይደሉም። መልሱ የሚገኘው በምሥራቅ አፍሪካ በየቀኑ በሚያጋጥሙ የሐኪም ማዘዣዎች ውስጥ ነው።

አንዲት የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት ጀመረች እንበል። ሪፋምፒሲን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ሰባብሮ የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራል። በዚህ የተነሳ የምትወስደው የወሊድ መከላከያ እንክብል አቅሙን ሊያጣ ይችላል። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ከሆነችና ዶሉቴግራቪር የምትወስድ ከሆነ ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰድ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ መሆን ይኖርበታል።

ሦስቱ መድኃኒቶች ከሦስት የተለያዩ ክሊኒኮች የታዘዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሦስቱን በአንድ ላይ የማየት ዕድል ያለው ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜ፣ ፋርማሲስቱ ብቻ ነው።

ይበልጥ ተራ በሚመስለው ጉዳይም እንዲሁ ነው። የሕፃናት ፓራሲታሞል ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም የያዘም፣ 250 ሚሊግራም የያዘም አለ። መጠኑ የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ከመጀመሪያው ጠርሙስ 6 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃዋል። እናቲቱ በሌላ ቀን የሁለተኛውን ዓይነት ጠርሙስ ገዝታ ያንኑ መጠን ብትሰጠው ግን ሕፃኑ ከሁለት እጥፍ በላይ ይወስዳል። ሁለቱ ጠርሙሶች በቀለምም በጣዕምም ሊመሳሰሉ ይችላሉ።

አምስቱ ዓመታት የሚያስተምሩት ይህን ዓይነቱን ስህተት ከመፈጸሙ በፊት ማየት ነው። ዲግሪው ግን ይህን "ተምሯል" ብሎ ይመሰክራል እንጂ "መሥራት ይችላል" ብሎ አይፈቅድም።

በዲግሪውና በፈቃዱ መካከል ያለው ዓመት

በኬንያ የፋርማሲ ምሩቅ ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ገና ፋርማሲስት አይባልም። በተፈቀደለት ሆስፒታል ውስጥ በተመዘገበ ፋርማሲስት ቁጥጥር ሥር ለ12 ወራት መሥራት አለበት። ከዚያም የቦርዱን የምዝገባ ፈተና ያልፋል። ስሙ በመዝገብ የሚሰፍረው፣ የሥራ ፈቃዱም የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው።

በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ብዙዎች የሚቆሙት ግን እዚህ ነው።

የልምምድ ምደባውን የሚሰጠውና አበሉን የሚከፍለው በዋናነት መንግሥት ነው። በጀት ሲዘገይ ምደባው ይዘገያል። ምደባው ሲዘገይ ምሩቁ ፈተናውን መውሰድ አይችልም፤ ያለ ፈተናው አይመዘገብም፤ ሳይመዘገብ ደግሞ በሙያው መቀጠር አይፈቀድለትም። በዚህ መሃል ዲግሪውን በእጁ ይዞ፣ ለማስተማር ወጪ ያወጣው ቤተሰብ እያየው፣ ቤት ይቀመጣል።

ጉዳዩ በአውሮፓውያኑ 2024 አደባባይ ወጥቷል። የኬንያ የሐኪሞች፣ የፋርማሲስቶችና የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ከመጋቢት አጋማሽ አንስቶ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ለ56 ቀናት የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ መታ። ከዋነኞቹ ጥያቄዎች አንዱ የተለማማጆች ምደባና ክፍያ ነበር። ማኅበሩ በ2017 በተፈረመው የኅብረት ስምምነት መሠረት በወር ወደ 206 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ይከፈላቸው ሲል፣ መንግሥት ያቀረበው 70 ሺህ ሽልንግ ነበር። አድማው በግንቦት ሲያበቃ የክፍያው ነገር ለቀጣይ ድርድር ተላልፎ፣ ሁለቱ ወገኖች ዳግም ስምምነት ላይ የደረሱት በታኅሣሥ መጨረሻ ነው።

አንድ ተማሪ ለአምስት ዓመታት ተመርጦና ተጣርቶ ካለፈ በኋላ ለአንድ ዓመት የሚሆን ቦታ የሚያጣበት ሥርዓት ችግሩ ከተማሪው ጥራት ጋር እንደማይገናኝ ለመረዳት አያዳግትም። የልምምዱ ዓመት የተፈጠረው ሕዝብን ካልበሰለ ባለሙያ ለመጠበቅ ነው። ቦታ ሲጠፋ ግን የበሰለውንም ከሕዝቡ ያርቃል።

"ዳክታሪ" ሁሉ ፋርማሲስት አይደለም

የኬንያ ሕግ ከፋርማሲስቱ በተጨማሪ የፋርማሲ ቴክኖሎጂስት የሚባል ባለሙያንም ያውቃል። ቴክኖሎጂስቱ ሦስት ዓመት ገደማ በሚወስድ ዲፕሎማ የሚሠለጥን ሲሆን እርሱም በቦርዱ ይመዘገባል። በገጠርና በትናንሽ ከተሞች የመድኃኒት አገልግሎትን በትከሻቸው የያዙት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። በሁለቱ ሙያዎች መካከል በሥልጣን ድንበር ላይ የቆየ ቅራኔ አለ፤ በየጊዜው ፍርድ ቤትም ፓርላማም ይደርሳል።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ደረጃ አለ። ፋርማሲ፣ መድኃኒት መደብር እና የገጠር መድኃኒት ቤት ለየብቻ የተለዩ ናቸው፤ ሊይዙ የሚችሉት የመድኃኒት ዓይነትና የሚመራቸው ባለሙያም ይለያያል። የቀድሞ ሰዎች "ድራጊስት" የሚሉት የዲፕሎማ ባለሙያ በአንድ ወቅት የከተሞች ሁሉ የመድኃኒት አዋቂ ነበር።

የኢትዮጵያው መንገድ

አዲስ አበባ ዘመናዊ ፋርማሲን ያወቀችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ሜራብ በተባለ ጆርጂያዊ ሐኪም አማካይነት ነው። ባለሙያዎቹን በአገር ውስጥ ማስተማር ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ብሎታል። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የተመሠረተው በአውሮፓውያኑ 1961 ነው። ከዚያ በኋላ ጅማ፣ ጎንደር፣ መቀለ እና ሌሎችም ተከትለዋል።

የዲግሪው ዕድሜ አንድ ወጥ ሆኖ አልቆየም። ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያውን ዓመት አጠቃላይ ትምህርት ትተው ለመሰናዶ ትምህርት ቤቶች ባስረከቡበት ዘመን የፋርማሲ ዲግሪ ለተወሰኑ ዓመታት በአራት ዓመት ይጠናቀቅ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በታካሚ ላይ ያተኮረ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ሲቀረጽ አምስት ዓመት ሆነ። ይህቺ የአንድ ዓመት ልዩነት አገር ውስጥ ላለ ሰው ምንም አትመስልም፤ ባሕር ለሚሻገር ግን ትልቅ ዋጋ አላት። ከታች ይታያል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ሚኒስቴር ለጤና ምሩቃን አገር አቀፍ የሙያ ብቃት ምዘና ፈተና ጀምሯል። በ2015 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር በሁሉም የትምህርት መስኮች የመውጫ ፈተና ሲያስተዋውቅ፣ ከ150 ሺህ በላይ ከሚሆኑት የመጀመሪያ ተፈታኞች የማለፊያውን 50 በመቶ ያገኙት 40 በመቶ ያህሉ ነበሩ። ዲግሪ ብቻውን የሚበቃበት ዘመን በኢትዮጵያም አልፏል ማለት ነው።

ፈተናውን አልፎ የሥራ ፈቃድ ያገኘው ባለሙያ የሚጠብቀው ገቢ ሌላ ጉዳይ ነው። በአውሮፓውያኑ ግንቦት 2025 የጤና ባለሙያዎች በመላ አገሪቱ ያነሱት የደመወዝ ጥያቄ ወደ ሥራ ማቆም እስከ ማምራት ደርሶ ነበር። ከአገር የመውጣት ሐሳብ የሚጸነሰው በእንዲህ ዓይነቱ ጊዜ ነው።

ዲግሪው ሞያሌን ሲሻገር

ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ለአጭር ጊዜ ቆይታ ቪዛ አያስፈልገውም። ሰውየው በሞያሌም ሆነ በአውሮፕላን ይሻገራል። የሙያ ፈቃዱ ግን ድንበሩ ላይ ይቀራል።

ምክንያቱ የጥርጣሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፋርማሲስት ፈቃድ የሚሰጠው በአንድ አገር ሕግ፣ በዚያ አገር የመድኃኒት ዝርዝርና የሕክምና መመሪያ መሠረት ነው። በአዲስ አበባ ያለ ማዘዣ የማይሸጠው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የናይሮቢውን ደንብ ያውቃል ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፤ አባል አገራት ባለሙያዎችን እርስ በርስ ለመቀበል በሚያደርጉት ጥረት ውስጥ ስሟ የለም።

ስለዚህ የፋርማሲ ዲግሪ ይዞ ናይሮቢ የገባ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ከሰነድ ነው። ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ የሚላክ የውጤት ዝርዝር፣ የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ፣ ከፈቃድ ሰጪው አካል በሙያው ነቀፋ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። ዲግሪው ከኬንያው አቻ ጋር እኩል መሆኑን የሚመዝነው የኬንያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ኮሚሽን ነው። ይህ ሁሉ ሲሟላ ቦርዱ ፋይሉን ይከፍታል። ውጭ አገር የተማረ አመልካች የራሱን ፈተናና በኬንያ ሆስፒታል የሚያሳልፈውን የልምምድ ጊዜ መጠበቅ አለበት፤ የውጭ ዜጋ ከሆነም የሥራ ፈቃድ ከኢሚግሬሽን ይጨመርበታል።

ለኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዋ መሰናክል ብዙ ጊዜ የምትገኘው አገር ቤት ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ግዴታውን ሳይወጣ ዋናውን ዲግሪና የውጤት ዝርዝሩን ማግኘት ይከብደዋል። በጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ብቻ የወጣ ሰው ናይሮቢ ሆኖ ይህን ለማስጨረስ የሚላላክለት ዘመድ አዲስ አበባ ያስፈልገዋል።

በስደተኝነት ለተመዘገበ ሰው ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሸሽቶት ከወጣው መንግሥት መሥሪያ ቤት "የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤ" እንዲያመጣ የሚጠየቅ ባለሙያ ጥያቄው በራሱ አደጋ ሊሆንበት ይችላል። በጦርነት ወቅት የወጣ ደግሞ ሰነዱን ሳይዝ ሊሆን ይችላል።

በአውሮፓውያኑ 2021 የጸደቀውና በየካቲት 2022 ሥራ ላይ የዋለው የኬንያ የስደተኞች ሕግ፣ አግባብ ባለው አካል የታወቀ የሙያ ማስረጃ ያለው ስደተኛ በሙያው የመሥራት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመጋቢት 2025 ይፋ የሆነው "ሺሪካ" የተሰኘው ዕቅድም ስደተኞችን ከእርዳታ ጥገኝነት ወደ ኢኮኖሚው የማስገባት ዓላማ አለው። በሕጉ ውስጥ ያለችው ወሳኝ ሐረግ ግን "የታወቀ" የምትለው ናት። የመሥራት መብቱ የሚጀምረው ዲግሪው ከታወቀ በኋላ ነው፤ ዲግሪውን ለማሳወቅ ደግሞ ከላይ የተዘረዘረው ወረቀት ሁሉ ያስፈልጋል።

ይህን ሳያሟሉ ከባንኮኒ ጀርባ መቆም ወንጀል ነው። ቦርዱ ፖሊስ አስከትሎ ያልተመዘገቡ መድኃኒት ቤቶችን በየጊዜው ያሽጋል። ቸኩሎ በዚህ መንገድ የገባ ባለሙያ ከቅጣቱ በላይ የሚያጣው ነገር አለ፤ በኋላ በሕጋዊ መንገድ ሲያመለክት ያ ታሪክ ይከተለዋል።

ካኩማ ወይም ዳዳብ ካምፕ አድገው የኬንያን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና ለወሰዱ የኢትዮጵያ ልጆች መንገዱ በአንጻሩ አጭር ነው። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የሚደገፈው "ዳፊ" የነፃ ትምህርት ዕድል በኬንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለመማር ያስችላል። ዲግሪያቸው ኬንያዊ ስለሆነ የእኩልነት ጥያቄ አይነሳበትም።

ወደ ባሕር ማዶ ለሚያስቡ

ለብዙዎች ናይሮቢ መሸጋገሪያ ናት። ዓይናቸው ያለው አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ብሪታኒያ ነው።

በአሜሪካ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ወደ ሙያው የሚገባው በፋርማሲ ዶክተር ዲግሪ ነው። ውጭ አገር የተመረቀ ሰው ግን እንደገና ከመማር በፊት ሌላ አማራጭ አለው። ትምህርቱን ካስገመገመ በኋላ የውጭ ምሩቃንን የእኩልነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ያልፋል። ቀጥሎ በሚኖርበት ግዛት የተወሰነውን የልምምድ ሰዓት ይሞላል፤ በመጨረሻም አገር አቀፉን የፋርማሲ ፈተናና የግዛቱን የሕግ መስፈርት ያሟላል።

እዚህ ላይ ነው የአንድ ዓመቷ ልዩነት የምትመጣው። ከጥር 1 ቀን 2003 ወዲህ የተመረቀ አመልካች ቢያንስ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ትምህርት ማጠናቀቁን ማሳየት አለበት። ከዚያ ቀን በፊት ለተመረቁት አራት ዓመት ይበቃል። በአራት ዓመቱ ሥርዓት ዘመን ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ባለሙያ፣ ምንም ያህል ልምድ ቢኖረው፣ ይህ በር ሊዘጋበት ይችላል። በሥራው ላይ ከእርሱ ያነሰ ልምድ ያለው፣ ጥቂት ዓመት ዘግይቶ የተመረቀ ባልደረባው ግን ያልፋል። ስለዚህ ለግምገማ ክፍያ ከመላክ በፊት የራስን የውጤት ዝርዝር አውጥቶ ዓመታቱን መቁጠር ብልህነት ነው፤ ክፍያዎቹ በዶላር ናቸው፤ ብር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ ዋጋው እጅግ ወርዷል።

ብሪታኒያ ለውጭ ምሩቃን ለረጅም ዓመታት የቆየ የራሷ መንገድ አላት፦ የአንድ ዓመት የማሸጋገሪያ ትምህርት፣ የአንድ ዓመት በሥራ ላይ የሚደረግ ሥልጠና፣ ከዚያም የምዝገባ ፈተና። የማሸጋገሪያው ትምህርት የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ስላለው ከአሜሪካው መንገድ ይልቅ ጊዜው የታወቀ፣ ወጪው ግን የከበደ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ

በኬንያ የሥራ ፈቃድ አንዴ ተሰጥቶ የሚያበቃ ወረቀት አይደለም። በየዓመቱ ይታደሳል። ለማሳደስ ባለሙያው ክፍያ ከመፈጸሙ በተጨማሪ በዓመቱ ውስጥ ሥልጠና መውሰዱን የሚያሳይ ነጥብ ማሟላት አለበት። በኢትዮጵያም የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ትምህርት ለፈቃድ እድሳት መስፈርት ሆኗል።

የመድኃኒት ቤቱ ፈቃድና የባለሙያው ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። በኪሊማኒም ይሁን በሌላ ሰፈር ወደ አንድ ኬሚስት የሚገባ ደንበኛ ግድግዳው ላይ ሁለቱንም የማየት መብት አለው። ፈቃድ ያለው መድኃኒት ቤት ቦርዱ የሰጠውን የጤና ደኅንነት ኮድ በሚታይ ቦታ ይለጥፋል። ደንበኛው ኮዱን በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ወደ ቦርዱ ቢልክ የቤቱ ፈቃድ የጸና መሆን አለመሆኑን የሚገልጽ መልስ ይደርሰዋል።